ስለ ፊሽካውና ስለ አንድ ክንድ ቀይ ጨርቅ

ለተከበሩ አቶ ገድሉ
የሐይቅ ዳር ታዳጊዎች የስኬት መርሐ ግብር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለፈው ቅዳሜ በድንኳን ጥላ ሥር ያን ያህል ሰዓት መቀመጥ ወገብ ያደክማልና አላህ ብርታቱን ይስጥዎት። እኔ ፋሲሎ ውስጥ ጨርቅ የምሸጠው ጀሊላ ነኝ፣ መስማት የተሳናት የአሥራ ሦስት ዓመቷ የተቅዋ እናት። ከውድድሩ ወዲህ ቢሮዎ አራት ጊዜ መጥቼ አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ሥራዎን ላለማቋረጥ ስል ከተማው ሁሉ እያነበበው ይድረስዎት ብዬ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ጻፍሁ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ቁጭ ማለት ስላቃተኝ ይህንኛውን የሱቄ ባንኮኒ ላይ ቆሜ ነው የጻፍሁት፣ መስመሩ ከተንጋደደ ይቅርታዎ አይለየኝ።

በመጀመሪያ ማመስገን ይገባኛል። መርሐ ግብርዎ ልጆች ችግኝ እንዲተክሉ፣ እንዲያነቡ፣ ሰፈራቸውን እንዲያገለግሉና እንዲሮጡ አድርጎ፣ አራቱን ላሟሉ ሜዳልያና የአሥር ቀን የክረምት ሥልጠና ይሰጣል። ተቅዋ ሦስቱን አሟልታ የቀራት የመቶ ሜትር ሩጫ ብቻ ነው፤ ከምድቧ እስከ ሦስተኛ መውጣት አለባት። ችግሩ እግሯ አይደለም፣ እግሯማ እኔንም ገበያ መንገድ ላይ ጥሎኝ ይሄዳል። ችግሩ ሩጫው በፊሽካ መጀመሩ ነው። ስለዚህ ከውድድሩ በፊት ከሱቄ አንድ ክንድ ቀይ ጨርቅ ቀድጄ አመጣሁና፣ ፊሽካው ሲነፋ ይህም አብሮ ከፍ ይበልላት ብዬ ለመንሁ። እርስዎም በሁለት እጅዎ ተቀብለው አመሰገኑኝ። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነገር ያሉኝን ጥቂት ቅሬታዎች፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ጠዋት የተወዳዳሪዎች ስም በድምፅ ማጉያ ተጠራ። የተቅዋ ስም ሦስት ጊዜ ተጠርቶ መልስ ስለጠፋ “አልቀረበችም” ተብሎ ተጻፈባት። ጠሪው ይህን ሲጽፍ ልጄ ከፊቱ፣ ደብተሩን ማንበብ ከምትችልበት ቦታ ቆማ ነበር። ሮጬ ሄጄ ያሰረዝሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሌላ መሥሪያ ቤት አላየሁምና ምስጋናዬ ይድረሰው።

፪. ቀዩ ጨርቅ የት እንደደረሰ ስፈልግ፣ በክብር እንግዶች ጠረጴዛ ላይ ተነጥፎ የውሃ ጠርሙሶች ቆመውበት አገኘሁት። ጨርቄ ለዚህ ማዕረግ መብቃቱ ያኮራኛል። ምክንያቱን ስጠይቅዎ፣ ለአንድ ልጅ ተብሎ ደንብ እንደማይለወጥና ጨርቅ ማንሣትም በሌሎቹ ላይ አድልዎ እንደሚሆን በትሕትና አስረዱኝ። የሌሎቹ ልጆች ዓይን ቀይ ጨርቅ እንደማያይ እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።

፫. ይህኛው ረዘም ይላል፣ ይታገሡኝ። የልጄ ምድብ ሲደርስ መብራት ጠፍቶ ፊሽካው የሚሰማበት ድምፅ ማጉያ ተቋረጠ፣ ከጣና በኩልም ብርቱ ንፋስ ተነሣ። አስጀማሪው መምህር መልካሙ ሁለት ጊዜ ፊሽካ ነፉ። ከስምንቱ ልጆች ግማሾቹ ሮጡ፣ ግማሾቹ ቆመው ተያዩ። ያን ጊዜ መምህሩ የሮጡትን መልሰው፣ ማንንም ሳያማክሩ ጠርሙሶቹን ገለል አድርገው ጨርቁን ከጠረጴዛው ሳቡና ወደ ላይ አነሡት፤ ስምንቱም እኩል ተነሡ። ተቅዋ ሁለተኛ ወጣች። ሌሎቹ ልጆች ሲያቅፏት አየሁ፣ ተበደልሁ ያለ አንድም አልነበረም። የተበደሉት እርስዎ ብቻ ነበሩ፦ ደንቡ “በፊሽካ” ይላልና ውጤቱን ሰረዙት። ንፋሱ ሲበርድ ሩጫው በፊሽካ ተደገመ። ተቅዋ አጠገቧ ያለችው ልጅ እግሯን ስታነሣ አይታ ተነሣች፤ በአንድ እርምጃ ተቀድማ አራተኛ ወጣች።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ እኔም ከእርስዎ የማልሻል ሆኜ፣ ለምን ዘገየሽ ብዬ በምልክት ጠየቅኋት።

“አልዘገየሁም” አለችኝ በእጆቿ፣ “ሳይነግሩኝ ሄዱ።”

የሩጫ ጫማዋን ከሱቁ ጀርባ ከጣቃዎቹ ሥር ከትታዋለች። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። ይህን በለሰለሰ ቃል መጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም።

፬. የላኩልን የማበረታቻ ምስክር ወረቀት ደርሶናል። ጠርዙ ወርቅማ፣ ወረቀቱም ወፍራም ነው። ልጄ ዳግመኛ መሮጥ ሳያስፈልጋት እንዲሰጣት መፍቀድዎ የልብዎን ስፋት ያሳያል፤ ሆኖም ለሌላ ልጅ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼዋለሁ።

ላላለፉ ልጆች የተዘጋጀው የማሟያ ውድድር የፊታችን ቅዳሜ ነው። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፊሽካው ሲነፋ ጨርቁ ከፍ ይበል። ከሌሎቹ አንድ እርምጃ ትቅደም አላልሁም፣ መንገዱም ይጠርላት አላልሁም። እኩል ተነሥታ ከተሸነፈች፣ እንደማንኛውም ልጅ ተሸንፋና አልቅሳ ትመለስ። ጫማዋን ከጣቃዎቹ ሥር አውጥቼ አጽድቼዋለሁ፤ ምን ብዬ እንደማስደርጋት ግን እስካሁን አላወቅሁም።

ከባንኮኒው ወደ በሩ እየተመላለስሁ ቅዳሜን የምጠብቅ፣ ለፊሽካዎና ለደንብዎ ያለኝ አክብሮት ከቀን ወደ ቀን የሚጨምር፣

ጀሊላ፣ የተቅዋ እናት
ከፋሲሎ

ማስታወሻ፦ አራት ጊዜ ደጅዎ ስጠብቅ፣ በርዎ ላይ የተሰቀለውን “ማንም ልጅ ወደ ኋላ አይቀርም” የሚል ትልቅ ፎቶ በደንብ ለማየት ጊዜ አግኝቻለሁ። ተቅዋ ከፊት፣ መካከል ላይ ናት። ፎቶ አንሺው እስከ ሦስት ሲቆጥር እንደማትሰማ አስበው፣ እርስዎ ራስዎ ከጎኑ ቆመው እጅዎን ከፍ እንዳደረጉላት ነግራኛለች። ስለዚህ ቅዳሜ ከጨርቁ ጋር አንድ ፎቶ አንሺ ይዤ እመጣለሁ፤ እጅዎ የሚነሣው ካሜራ ሲያይ ብቻ ከሆነ፣ በካሜራ እጦት ልጄ ወደ ኋላ እንድትቀር አልፈልግም።