ስሙ ስለተቀየረው ማተሚያና ስለ አሰጋሽ እግር

ለተከበሩ አቶ ጎበዜ፣ የነጋያ ጤና መረዳጃ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ
ጭሮ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ሁላችንም ደህና ነን ብዬ እንዳልዋሽዎ፣ ጎረቤቴን አሰጋሽን ስኳር በሽታው እግሯን አቁስሎት አልሽር ብሏታል፤ ልጇ ሲፈንም ሥራዋን ትታ እሷን ታስታምማለች። ሐኪሙ ሐረር ሄደሽ ታከሚ ብሏታል። የቀራት ወጪዋን የሚሸፍንላት የማኅበርዎ የዋስትና ወረቀት ብቻ ነው።

፩. ሲፈን በመጣች ቁጥር ኮምፒውተሩ አላትምም ብሏል እየተባለች ተመልሳለች። ትዕግሥትን በነፃ ስላስተማሩልን እናመሰግናለን።

፪. የራስዎ የኮምፒውተር ባለሙያ በድሪ ነገሩን አስረድቶኛል፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ላቆምኩት ለእኔ ከገባኝ እርስዎን አያቅትዎትም። ፕሮግራሙ ሁሉንም ሥራ ራሱ አይሠራም አሉ። ማተም ሲያስፈልገው ላይብረሪ የሚባለውን፣ ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩትን ፋይል ይከፍትና ሥራውን በስሙ ይጠራል፤ ላይብረሪውም ስሙን ከማውጫው ፈልጎ ሥራው ያለበትን ቦታ ያሳየዋል። ታዲያ ላይብረሪው ሰሞኑን ሲታደስ ማተሚያ የሚባለው ሥራ ስሙ ተቀየረ፤ ፕሮግራማችን ግን እስከ ዛሬ በአሮጌው ስም እየጠራ የለም ይባላል። ሥራው እኮ እዚያው ቁጭ ብሏል።

፫. በድሪ አሮጌውን ስም ከአዲሱ ጎን ላስገባ፣ ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ይመሩ ቢልዎ፣ የታደሰ ነገር ወደ ኋላ አይመለስም ብለው ከለከሉት። ጥበብዎን አደንቃለሁ። ግን ከመሰላ የሚመጣ ሰው አሰበ ተፈሪ አለ ጭሮ አለ፣ ሚኒባሱ እዚሁ ያወርደዋል፤ እስካሁን በአሮጌው ስም በመጠራቱ የጠፋ ከተማ አላየንም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት አሰጋሽን በባጃጅ ይዘን ቢሮዎ እንመጣለን። ወንበር እንዳያስቸግርዎ ከቤት ይዘን ነው የምንመጣው፤ ወረቀቱ ታትሞ እጇ ሳይገባ አንነሳም። ጥበቃው ቢያስወጣን ደጃፉ ላይ እንቀመጣለን፤ ደጃፉ የመንገድ ነው።

በደጅዎ ለመዋል የተሰናዳች አክባሪዎ፣
ወ/ሮ ዘርፈሽዋል

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ልዘጋ ስል እናትዎ እማማ ኪሮስ አሰጋሽን ሊጠይቁ ጎራ አሉ። ሁሉን ነገርናቸው። ቤት ውስጥ ዛሬም ድንቡሼ ብለው በልጅነት ስምዎ እንደሚጠሩዎትና እርስዎም አቤት እንደሚሉ አጫወቱን። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ነገ እኔም ከእናንተ ጋር እመጣለሁ፣ በሠራተኞቹ ፊት በአሮጌው ስሙ እጠራዋለሁ፣ የለም ይበለኝና አያለሁ አሉ።