ፀሐይ የቀደመችን ጠዋት

እህት ዓለም፣

ትላንት በእሳት በሚሞቅ ትልቅ ፊኛ ሰማይ ላይ ወጥቼ ነበር። አብራሪዋ «ንጋት ላይ ድረሱ፤ ፀሐይ መሬቱን ሳታግለው መውረድ አለብን» ብላን ነበር። እኔ፣ መቼም ታውቂኛለሽ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አረፈድኩ። እቤት ሳረፍድ ከአንቺ ቁጣ ሌላ የሚደርስብኝ የለም፤ እዚህ ግን አብራሪዋ ብትጠብቀኝም ፀሐይዋ አልጠበቀችኝም።

ከላይ ሆነን ታች አቧራ ሲሽከረከር አየን። አብረውን የነበሩት ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር የቅርጫቱን ጠርዝ ጨብጠው «መሬቱ ጋለ። የሞቀው አየር ቀሎ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ከጎን ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊይዝ ይሮጣል። ንፋስ ማለት ይኸው ነው ልጄ» አሉኝ።

ወዲያው ንፋሱ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ገፋን። አብራሪዋ «ቁጭ በሉ!» ብላ ጮኸች፤ እሳቱን ጨምራ ሽቦውን ለጥቂት አለፈችው። መሬት ስንነካ ቅርጫቱ ተገልብጦ በታረሰ ማሳ ላይ ተጎተትን። ፊኛው አየሩን እስኪጨርስ አብራሪዋ የአየር ማስወጫውን ገመድ አልለቀቀችም፤ መዳፏ ተልጦ ደማ።

አለቃዋ በመኪና ደርሶ «ማን ነው ያስረፈደሽ?» ብሎ አፈጠጠባት። እሷ አቀርቅራ ገመዱን መጠቅለል ጀመረች። መምህሩ «እኔ ነኝ፤ እርጅና ነው» አሉ። እኔ አፈር ከአፌ እየጠረግሁ ወደ ማሳው ዞርኩ።

ዛሬ ማልጄ ሄጄ ለአለቃዋ እውነቱን ተናገርኩ። አብራሪዋ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን አሳየችኝና «እስቲ የጃኬቴን ዚፕ ዝጊልኝ» አለችኝ። ዘጋሁላት።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ። እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ስለ ሽቦው ግን እንዳትነግሪያት።

ያንቺው አርፋጅ