ሮቢን ያልተሻገረች ስልክ

ለታላቅ ወንድሜ ለሙጂብ አደም

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰነበትክ? በክረምት የሚነሳብህ ሳልህስ እንዴት ነው? አንገትህን አቀርቅረህ ስትሠራ ስትውል የሚያምህ ትከሻህስ ለቀቀህ? ያለህበት ቦታ ይሞቃል ወይስ ነፋስ አለው? እኛ ጋ ሙቀቱ ያው እንደምታውቀው ነው፤ የሱቃችን ቆርቆሮ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ይንጣጣል። እኔ ከናፍቆትህ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

እንዲህ ብዬ የምጠይቅህ መልስ እንደማትሰጠኝ ጠፍቶኝ አይደለም። ወንዛችን ሮቢ የወሰደህ ነሐሴ ሃያ ሁለት ቀን፣ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ከታች፣ ከሽንኩርት ማሳዎቹ ዳር አገኙህ፤ በዚያው ቀን ቀበርንህ፤ እኔም በእጄ አፈር አልብሼሃለሁ። ግን ደሴ ጥገና ስትማር እልክልህ የነበረው መልእክት ሁሉ በሰላምታ ነበር የሚጀምረው፤ አባባ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስለሚያጽፈኝ። አንተም ይሄ ደብዳቤ ነው እንጂ መልእክት አይደለም እያልክ ትስቅብን ነበር። ሌላ አጀማመር አላውቅም።

በመጀመሪያ የሱቁን ነገር ልንገርህ። ጀናዛህ ላይ ከተሰገደ በኋላ አባባ ወደ ሰዉ ዞረና፣ ሙጂብ ዘንድ አማና ያስቀመጠ ካለ ይምጣና ይውሰድ፣ ልጄ የሰው ዕቃ ይዞ አይተኛም አለ። በማግስቱ ሰው መምጣት ጀመረ። አንተ ግን የማንንም ስም ጽፈህ አታውቅም። በብስኩት ጣሳው ውስጥ አሥር ስልክ ነበር፤ ጀርባቸው ላይ በፕላስተር የለጠፍከው የስልኩን ሕመምና የባለቤቱን ጠባይ ብቻ ነው። አንዱ ላይ፣ ቻርጅ አይዝም፣ ሳይጠየቅ የሚመክር። ሌላው ላይ፣ ድምፅ ማጉያው ሞቷል፣ ባለቤቷ ግን ለሁለት ትጮኻለች። እኔና ታናሻችን ሒክማ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን የሰው ጠባይ እያነበብን ባለቤት ስንፈልግ ዋልን። እሷ አንዱን አንብባ ሳቀችና ወዲያው ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች።

ጎረቤታችን ጋሼ በላይ ሲመጡ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ጨቅጫቃ የሚለውን ከሌሎቹ ሥር ደበቀችው። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ጣሳውን ራሳቸው ፈተሹና አገኙት። ረጅም ጊዜ አነበቡት። ከዚያ፣ እውነቱን ነው፣ በሦስት ቀን ውስጥ አራት ጊዜ መጥቼ ጨቅጭቄዋለሁ አሉ። ፕላስተሩን ልልጠው ስል እጄን ያዙኝ። እስካሁን አላነሱትም። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ባደረጉ ቁጥር አላፊ አግዳሚው ሁሉ ጠባያቸውን ያነባል፤ እሳቸው ግን ደስ ይላቸዋል መሰለኝ።

አሥሩም እንዲህ ወደየባለቤታቸው ሄዱ። አሥራ አንደኛዋ ጣሳው ውስጥ አልነበረችም። አንተ ኪስ ውስጥ ነበረች፣ በሦስት ፌስታል ተጠቅልላ። ከወንዙ ማዶ ያሉት የእማማ ሰይዳ ባለ ቁልፍ ስልክ ናት።

ውሃ ገብቷት ነበር። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ሩዝ ውስጥ ክተታት አለኝ። አንተ ግን ውሃ የጠጣ ስልክ ሩዝ ውስጥ መክተት ሩዙን ማበላሸት ነው ትል ነበር፤ ስልኩን የሚገድለው ውሃው ሳይሆን ውሃው ውስጥ ሆኖ የሚሠራው ባትሪ ነው፣ ቶሎ ነጥለው ትለኝ ነበር። እንዳስተማርከኝ አደረግሁ። ብሎኖቿን ፈታሁ፤ ሰሌዳዋን በጥርስ ብሩሽና በአልኮል አጠብኩ፤ ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ አቆየኋት፤ ከመሳቢያህ ሌላ ባትሪ አወጣሁላት። በአራተኛው ቀን በራች። ያን ጊዜ ስምህን ጠራሁ። ዞር ብዬ ወንበርህን ካየሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

ከስስ ስልክ ባለ ቁልፍ ይሻላል የምትለው እውነት ነው ብዬ ዛሬ እጄን ሰጥቻለሁ። በጥፍር የማይከፈት ዕቃ የእኔ አይደለም፣ ተከራይቼው ነው የምትለውንም አምኛለሁ፤ ዘንድሮ በሙቀቱ ምክንያት ባትሪያቸው ያበጠባቸው ስንቶቹ ስስ ስልኮች መጥተው ታሽገው ስለተሠሩ ልንከፍታቸው ስንል ሰበርናቸው። እነዚህን የሚሠሩ ሰዎች ሸዋሮቢት የሚባል ቆላ እንዳለ አልሰሙም ነበር የምትለው። ስልክ ገበታ ነው፣ ኮምፒውተር ግን ጓዳ ነው፤ ገበታ ላይ የቀረበልህን ትበላለህ፣ ጓዳ ገብተህ ግን ራስህ ትሠራለህ ያልከኝን ለሒክማ ነግሬያታለሁ። ከወዳደቀ ዕቃ የገጣጠምከውን፣ ጎኑ ክፍት ሆኖ ማራገቢያ የሚነፋበትን ኮምፒውተርህን አሁን እሷ ናት የምትነካካው። ባለፈው አንድ ፋይል አጥፍታ ለብቻዋ ፈልጋ መለሰችው። ብታያት ደስ ይልህ ነበር።

የሽማግሌዎችንና የአሮጊቶችን ስልክ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር መሙላትህ ላይ ግን ድሮም እስማማ ነበር። ስልኩ ሰውየውን ይማር እንጂ ሰውየው ስልኩን አይማርም እያልክ ስድስት ሰዓቱን ቀንሰህ፣ ዓመተ ምሕረቱንም በእኛ ትሞላላቸው ነበር። የምትበሳጨው በጳጉሜ ብቻ ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚቀበል ስልክ በዕድሜህ አላገኘህም።

ያልተሸነፍኩልህ አንድ ነገር አለ ብዬ እከራከርህ ነበር። አንተ ጌም ማለት ሁለት ሰው በአንድ ስክሪን ፊት ትከሻ ለትከሻ ሆኖ የሚጫወተው ነው ትላለህ። ጆይስቲኩን የተሸነፈው ለሚቀጥለው ይለቃል፤ ተጣልተውም ቢሆን እዚያው ይታረቃሉ። በስልክ ኦንላይን የምጫወተውን ግን፣ የማታውቀው ሰው ሲሰድብህ መዋል ነው ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከኮምቦልቻ፣ ከአዳማ ጓደኛ ያገኘሁት በእሱ ነው እልህ ነበር። አሁንም ጓደኞቼ ናቸው፤ እሱን አልክድም። አንተ ግን ዋናው ቅሬታህ ስድቡ አልነበረም። ፓውዝ የሌለው ጨዋታ ሥራ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም፣ እናትህ ስትጠራህ ማቆም ካልቻልክ አለቃ አለብህ ማለት ነው ትል ነበር።

ወንድምዬ፣ አሁን የምጽፈውን አንተ ታውቀዋለህ። ለሌላ ሰው ግን እስከ ዛሬ ጠዋት አልተናገርኩትም።

ያን ሐሙስ ከሰዓት ስልኳን ጠግነህ ጨረስክና፣ ኑዕማን፣ ይህቺን ለእማማ ሰይዳ አድርስልኝ አልከኝ። ጅዳ ያለው ልጃቸው የሚደውለው ጁምዓ ጁምዓ ነው፣ ነገ ድምፁን ሳይሰሙ እንዳይቀሩ አልክ። እኔ መሃል ጨዋታ ላይ ነበርኩ፤ አራት ሆነን ነበር። ቀና ሳልል፣ ይህቺን ልጨርስ፣ አሥር ደቂቃ አልኩህ። ፓውዝ አድርገውና ሂድ አልከኝ። አይቆምም አልኩህ። ሳቅክ። አለቃህ ካልፈቀደልህ እንግዲህ ምን ይደረጋል ብለህ ስልኳን በፌስታል ጠቀለልካትና ወጣህ።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ደብረ ሲና ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ወደ እኛ እንደሚመጣ የዚህ አገር ሕፃን ያውቃል። አንተም ታውቃለህ፤ ግን በድልድዩ ከመዞር ውሃው በሚሳሳበት በመልካው ማቋረጥ ልማድህ ነው። ቀና ብዬ ወደ ደጋው ባይ ኖሮ ጥቁረቱን አይቼ እጠራህ ነበር። ቀና አላልኩም። ጨዋታውን አንደኛ ሆነን ጨረስን። እሱንም ለማንም አልነገርኩም።

ሰዉ ሁሉ ቀደር ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው ይላል። እኔም አምናለሁ። ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከማዶ የመጡ ሴቶች ለእማዬ የነገሯትን ሰማሁ። እማማ ሰይዳ እህል አልቀምስም ብለዋል አሉ። ልጁን ወንዝ የከተትኩት እኔ ነኝ፣ ለጁምዓ አድርስልኝ ብዬ የላክሁበት እኔ ነኝ፣ ስልኪቱንም ዳግመኛ በዓይኔ አላይም ይላሉ አሉ። ሁለት ጁምዓ አለፈ። ልጃቸው ይደውላል፣ ስልኩ ዝግ ነው። ስልኳ ደግሞ ድና፣ እኔው አጥፍቻት ትራሴ ሥር ነበረች። በመልካው ለማለፍ አቅም አጥቼ አይደለም። እዚያ ከደረስኩ በኋላ የምናገረውን ነው የፈራሁት።

እንግዲህ የቤተሰቡን ሰላምታ ላድርስ። አባባ ሰላም ይልሃል፤ ጠዋት ጠዋት የሱቁን በር ይከፍትና ወንበርህን ጠርጎ ይዘጋል። ሒክማ ሰላም ትልሃለች፤ የኮምፒውተሩን ማለፊያ ቃል አልቀየርኩትም በልልኝ ብላለች። ጋሼ በላይ ከነፕላስተራቸው ሰላም ይሉሃል። ኳስ ጌም ሊጫወቱ ይመጡ የነበሩት ልጆች በየቀኑ በሩ ላይ ቆመው ይሄዳሉ፤ እነሱም ሰላም ብለውሃል። የእማዬን ወደ ኋላ ያቆየሁት ዛሬ ጠዋት ስለተነጋገርን ነው።

ትናንት ለቅሶ የቆዩት የካራቆሬዎቹ የአጎታችን ልጆች ተሳፍረው ሄዱ። እስከዚያ ድረስ ፍራሽህ ላይ የሚተኙት እነሱ ስለነበሩ፣ ዓይኔን ስገልጥ አንድ ሰው አይ ነበር። ዛሬ በአዛን ነቃሁና ፍራሹን ባዶውን አየሁት። ሱብሂ ሰገድኩ። ስልኪቱን ከትራሴ ሥር አወጣሁና ባትሪዋን ነጥዬ በፌስታል ጠቀለልኳት።

እማዬ ግቢ ውስጥ የበሰበሰውን ሽንኩርት ከደህናው ትለያለች። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ይህቺን ልጨርስ ማለቴን፣ አለመነሳቴን፣ አንደኛ መውጣታችንን። እጇ ቆመ። ሰምቼ ነበር አለችኝ። በዚያች ሰዓት እዚሁ ቦታ ተቀምጣ ነበርና የሁለታችንንም ቃል በሱቁ የጀርባ ቆርቆሮ በኩል ሰምታለች፤ ሳቅህንም ጭምር። ተነስ ልልህ አሰብኩ፣ ልጅ ነው ይጫወት፣ የትልቁ እግር ይፈጥናል ብዬ ዝም አልኩ አለችኝ። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ እሷም ለብቻዋ ይዛው ኖራለች። ጥፋተኛ አይደለህም አላለችኝም፤ ነህም አላለችኝም። ሽንኩርት የሸተተ እጇን አንገቴ ላይ አደረገችና፣ አሮጊቷ የእኛን ሸክም ተሸክመው አይሙቱ፣ በል ሂድ፣ ግን መጀመሪያ ወደ ደጋው እይ አለችኝ። ስልኳን ከእጄ ወስዳ አራተኛ ፌስታል ጨመረችበት።

መልካው ላይ ስደርስ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ደብረ ሲና በኩል ግን ደመና ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬ ነዘረኝ፤ የጨዋታ ጓደኞቼ ናቸው፤ ግባ፣ አንድ ሰው ጎድሎናል ይላል። መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ደጋው እስኪጠራ ከሁለት ሰዓት በላይ ጠበቅሁ። ጎርፍ አልመጣም። ቢሆንም ጠበቅሁ።

እማማ ሰይዳ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፌስታሉን ሲያዩ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አስገቡ። እኔም ቆሜ ነገርኳቸው። የተላክሁት እኔ ነበርኩ፣ በእርስዎ ምክንያት አይደለም አልኩ። የምን ጨዋታ ነው ያገደህ አሉኝ። በስልክ የሚጫወቱት፣ ከጀመሩት የማይቆም ጨዋታ ነው አልኩ። ከዚያ ዕድሜዬን ጠየቁኝ። አሥራ ሰባት አልኩ። የእኔም ልጅ ጅዳ የሄደው በአሥራ ሰባቱ ነው አሉና፣ ቁጭ በል፣ ፀሐይ ላይ አትቁም አሉኝ። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ከነጠላው አውጥተው ዘረጉልኝ።

ባትሪዋን ከተትኩና ቁልፏን ተጫንኩ። በራች። ባትሪ የወጣበት ስልክ እንደሚያደርገው ሰዓቱንና ቀኑን ሙላ አለችኝ። ምን ትላለች አሉኝ እማማ ሰይዳ። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ትላለች አልኳቸው። ጁምዓ ነው በላት አሉ።

ሰዓቱን አንተ እንደምታደርገው በእኛ ሞላሁ፤ አራት ከሃያ። ጣቴ ቀኑ ላይ ሲደርስ የምትበሳጭበት ጳጉሜ ማለፉ ትዝ አለኝ። ከዚያ፣ ቀን ሁለት፣ ወር አንድ፣ ዓመት ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ብዬ ሞላሁት። ተቀበለች።

ወንድምህ ኑዕማን አደም
ሸዋሮቢት፣ መስከረም 2 ቀን 2018 ዓ.ም.