የሚጎድለው ውሃ

ጥር 9

የውሃ መጠን እንድትለካ የሠራኋት የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ባትሪዋ ዛሬም አለቀ። ጠዋት ቦርዷን አስተኝቻት ነው መ/ቤት የሄድኩት። ስመለስ ድርቅ ብላ ጠበቀችኝ። ተኝታ ምን ትበላለች? የኤሌክትሪክ መለኪያዬን አውጥቼ ከዚህም ከዚያም ስነካካ ደረስኩበት። ቦርዷ ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ናት። ቦርዷ ብትተኛም እሷ አትተኛም። በምላጭ ፈልቅቄ ጣልኳት። አሁን የመለኪያው ቁጥር ከዜሮ ብዙም ፈቀቅ አይልም። ጣቴ ተቆረጠ፣ ግን ደስ ብሎኛል።

ታደሰ ሶፋው ላይ ሆኖ ያየኛል። የሰው ሚስት ዳንቴል ትሠራለች፣ የእኔዋ ሽቦ ትበይዳለች ይላል። እየሳቀ ነው። ለሥራ ባልደረባዬ ለሆዳን እናት መሥራቴን ግን አልወደደውም። የሰው ውሃ ውስጥ አትግቢ አለኝ።

ጥር 13

ጥምቀት አለፈ፣ ከሆዳን ጋር ሄደን ቦርዷን ገጥመናት ተመለስን። አቧራ ለብሻለሁ። ደብተሬ፣ ሳልታጠብ ነው የምጽፍልሽ።

ሆዳን መ/ቤት ከጎኔ የምትቀመጠው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። እናቷ ከሐርተሼክ ወዲያ ባለች መንደር ቢርካ አላቸው። መሬት ተቆፍሮ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ፣ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት። ላዩ በቆርቆሮ ተከድኗል። እዚያ ወንዝ የለም፣ ምንጭ የለም። እስከ ሚያዝያ ዝናብ ድረስ ለሰውም ለፍየልም ያለው ያው ነው።

የቦርዷ ሥራ ቀላል ነው። ከክዳኑ ሥር ተንጠልጥላ በየሰዓቱ ትነቃለች። ወደ ውሃው ድምፅ ትልካለች፣ ድምፁ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ትለካለች፣ ውሃው ምን ያህል እንደራቀ አውቃ ትመዘግባለች፣ ትተኛለች። በቀን አንዴ፣ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ለእኔና ለሆዳን በስልክ መልእክት ትልካለች። በየሰዓቱ ብትልክ ባትሪው ሳምንት አይቆይም። ስለዚህ የየሰዓቱ ልኬት እዚያው ሆዷ ውስጥ ይቀራል። ማየት የፈለገ ኮምፒውተር ይዞ ይሂድ።

የሆዳንን እናት ሁሉም ሆዮ ኢብላ ይላቸዋል። ሆዮ እናት ማለት ነው። ዕቃዋን አገላብጠው አዩና ውሃ ትጠጣለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። አትጠጣም አልኩ። እንግዲያው ትኑር አሉ።

ወንድ ልጃቸው ሙክታር ሁለቴ ዞሮ አያት። ሌባ ትይዛለች ወይ አለኝ፣ በአማርኛ። ውሃ ብቻ ነው የምትለካው አልኩት። ያመነኝ አይመስለኝም።

ጥር 19

ባትሪው አልተነካም ማለት ይቻላል። መልእክቱ በየጠዋቱ ይመጣል። ሆዳን ሻይ ጋበዘችኝ፣ ለመ/ቤቱ ሁሉ ስታወራልኝ ዋለች። ኩራት ተሰማኝ። ግን የውሃው ቁጥር በፍጥነት እየወረደ ነው። የመንደሩን አጠቃቀም አላውቅም ብዬ ዝም አልኩ።

ጥር 22

ዝም ማለቴ ትክክል አልነበረም። ሆዳን መልእክቶቹን በየቀኑ ለሙክታር ስትልክለት ኖራለች። እሱ ደግሞ በቀን የሚቀዳውን ጀሪካን ይቆጥራል። የሚቀዳውና የሚጎድለው አይገናኝም። የሚጎድለው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ጎረቤታቸው አዴር ፋራህ ናቸው፤ አዴር አጎት ማለት ነው፣ ዝምድና ኖሮ ሳይሆን ለአክብሮት። የእሳቸው ቢርካ ተሰንጥቆ ስለነበር እንደገና አስለሰኑት፣ ልስኑ ያለቀው ግን ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። ባዶውን ቆሟል። ፍየሎቻቸው ግን አልተጠሙም። እሳቸው ከሐርተሼክ በአህያ ጋሪ ነው የማስመጣው ይላሉ። ሙክታር ይሄ ሁሉ ውሃ በጋሪ አይመጣም ይላል። ማስረጃ አለኝ ይላል።

ማስረጃው የእኔ ቦርድ ናት።

ጥር 25

ሆዳን ቢሮ አልገባችም። 4 ሰዓት ላይ ደወለች። ድምፅዋ ሌላ ነው።

ሙክታር ትናንት የፋራህን ጋሪ መንገድ ላይ አስቆመ። ይሄ የእናቴ ውሃ ነው ብሎ ያዘው። የፋራህ ልጅ አለቅም አለ። በዱላ ተመታ፣ ጭንቅላቱ ተፈነከተ። ልጁ በሕይወት አለ። ይናገራል፣ ያስመልሰዋል። የፋራህ ዘመዶች ከየመንደሩ እየመጡ ነው። ሙክታር ጠመንጃ ይዞ ቢርካው ዳር ነው የሚያድረው።

ሆዳን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ቁጥሩ እውነት ነው? አዎ ከማለቴ በፊት ልፈትሽ አልኳት።

ጥር 26

ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። መጠባበቂያ የገዛኋትን ሁለተኛዋን ቦርድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ከባልዲ ውሃ በላይ አንጠለጠልኳት። በሙሉ ባትሪ ልክ ናት። ቀጥዬ አሮጌ፣ የደከመ ባትሪ ሰጠኋት።

ውሃው ሳይነካ ውሃው ራቀ አለችኝ።

ደገምኩት። ያው ነው። ጉልበቷ ሲደክም የድምፁን መመለስ አትሰማም፣ ወይም ዘግይታ ትሰማለች። የዚያችኛዋ ባትሪ ደህና ነው ብዬ ነበር። ግን ያንንም የነገረችኝ ራሷ ናት። እና ብትዋሽስ? የአንድ ልጅ ጭንቅላት የተፈነከተው በእኔ ሽቦ ከሆነስ? መቀመጥ አቃተኝ። ግቢውን ዞርኩ፣ ገባሁ፣ ወጣሁ።

ታደሰ ለምሳ ሲመጣ ነገርኩት። አትሄጂም አለ። በስልክ ንገሪያቸው፣ ዕቃው ተበላሽቷል በያቸውና ይብቃ።

ባይበላሽስ? አልኩት።

«ባይበላሽም ተበላሽቷል በይ። ሰው ከሚሞት።»

ይሄ ሐሳብ እኔም ዘንድ መጥቶ ነበር፣ አልደብቅሽም። ግን ዕቃው ውሸታም ነው ብላቸው፣ ውሃው ግን በእርግጥ እየጎደለ ቢሆን፣ የካቲት ላይ ያ መንደር ምን ሊጠጣ ነው? ይሄን ስለው ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ። ኋላ ላይ ግን የላፕቶፑን ቻርጀር ራሱ ቦርሳዬ ውስጥ ከቶልኝ አገኘሁት።

ነገ እሄዳለሁ።

ጥር 27፣ 5 ሰዓት

ደርሰናል። ሆዳን አጠገቤ ናት፣ አታወራም። መንደሩ ጸጥ ብሏል። ልጆች ሜዳ ላይ የሉም። ከፋራህ ቤት በኩል ወንዶች ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፣ ብዙ ናቸው። ሙክታር ቢርካው ዳር ቆሟል። ሰላም አለኝ፣ ዓይኑ ግን እነሱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ቦርዷን አልነካሁም። ድንጋይ የታሰረበት ገመድ አወረድን፣ ውሃውን እስከሚነካ፤ ከዚያ በሜትር ለካሁት። ደብተሬ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ውሸታም ሆና እንድትገኝ ነበር የተመኘሁት።

ከጣት ውፍረት በታች ነው ልዩነቱ። ቦርዷ አልዋሸችም።

ሙክታር ገመዱን አየ፣ ስልኩን አየ። አላልኳችሁም? አለ። ጮክ ብሎ፣ ወደ ዛፉ። እዚያ ያሉት ተነሡ።

ጥር 27፣ 9 ሰዓት

ሆዮ ኢብላ መሃል ገብተው ቆሙ። በሱማልኛ ምን እንዳሉ አላውቅም፣ ሆዳንም አልተረጎመችልኝም። ሰዎቹ ተቀመጡ። እኔ ላፕቶፔን ቦርዷ ላይ ሰካሁ፣ የየሰዓቱን ልኬት አወጣሁ።

እንዲህ ነው። ጠዋትና ማታ፣ ውሃ ሲቀዳ፣ ላፕቶፑ ላይ ያለው መስመር እንደ ደረጃ ዝቅ ይላል። በመሃሉስ? ዝም ማለት ነበረበት። ዝም አይልም። ቀስ እያለ እንደ ቁልቁለት ይወርዳል። በቀትር ይወርዳል፣ እኩለ ሌሊት ይወርዳል፣ እኩል በእኩል። ሙክታር ጠመንጃ ይዞ ባደረበት ሌሊትም ወርዷል። በባልዲ የሚሰርቅ ሌባ እንዲህ አይቀዳም።

ሆዳን ጮክ ብላ ተረጎመች። ሙክታር ቱቦ ቢያስገቡስ? አለ። ይሄን ጊዜ አዴር ፋራህ ራሳቸው መጡ። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፣ ጢማቸው በሂና የቀላ። ሙክታርን አላዩትም። እኔን ነው ያናገሩኝ፣ በአማርኛ።

«ልጄ፣ ነገ ሁላችንም ዙሪያውን እንቀመጥ። ማንም አይቅዳ። በዓይናችን እንየው።»

ለነገው የሚጠጣውን ጠዋት ሳይነጋ እንቀዳለን ተባለ። ሆዮ ኢብላ ፀሐይ ጠጥታው ቢሆንስ አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሳፋ ውሃ ሞልተን እዚያው ክዳኑ ሥር እናስቀምጣለን አልኩ። ፀሐይ ከሆነች ከሳፋውም ትጠጣለች።

ጥር 28

ጠዋት ሁሉም መጣ። የእነ ሙክታር ወገን በአንድ ዳር፣ የእነ ፋራህ በሌላው። የተመታው ልጅ ራሱ በሻሽ ተጠምጥሞ አባቱ አጠገብ። ባልዲዎች ሁሉ ራቅ ብለው ተከምረዋል። ፌሮ ብረት ውሃው ውስጥ አቁመን ውሃው በነካበት ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። የሳፋውን በእስክሪብቶ አሰመርኩ። ከዚያ መቀመጥ።

ውሃ ሲመለከት የሚውል ሰው አይቼ አላውቅም። ፍየሎች ይጮኻሉ፣ ማንም አይነሣም። አንዱ ቢያስነጥስ ሁሉም ዞሮ ያያል። ሙክታር ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል። እኔ ያ ክር ከውሃው ባይወጣስ እያልኩ አስባለሁ። ምንም ባይጎድልስ? ያኔ የሚሰርቅ አለ ማለት ነው።

የቀትሩ የዙህር ሶላት ሆነ። በየተራ ሰገዱ፤ ግማሹ ይሰግዳል፣ ግማሹ ውሃውን ይጠብቃል። ስመለከት ክሩ ደርቋል። ከክሩ በታች ቀጭን እርጥብ ብረት ይታያል። የከሰዓቱ የአስር ሶላት ሲደርስ ቀጭኑ ወፈረ። ሳፋው ካሰመርኩበት ዝቅ አላለም። ሁሉም ያያል እኮ።

ሆዮ ኢብላ ልጃቸውን ጠሩት። ግባ አሉት። ጠመንጃውን ለእሳቸው አስረክቦ ሽርጡን አጥብቆ ገባ። ውሃው ደረቱ ድረስ ነው። ግድግዳ ግድግዳውን በእግሩ እየዳበሰ ዞረ። አንዱ ጥግ ላይ ቆመ። ጎንበስ አለ፣ ጠለቀ፣ ወጣ። እዚህ ጋ ውሃው እግሬን ይስበዋል አለ። እጄ ይገባል አለ። ፊቱን አይቼ ዓይኔን መለስኩ። ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ተሰንጥቋል።

ውሃ ሞልቶ ስንጥቅ አይለሰንም። ባዶ መሆን አለበት። የሁሉም ቤት ጀሪካን ቢሞላ ውሃውን አይችለውም። እዚህ ያለው ያልተሰነጠቀ ባዶ ቢርካ አንድ ብቻ ነው። ይሄን ሁሉም አውቋል፣ ማንም ግን ቀድሞ መናገር አልፈለገም። እኛ ዝም ስንል ውሃው ይሄዳል። ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ሆዮ ኢብላ ናቸው ተነሥተው ቢርካውን ዞረው የሄዱት። አዴር ፋራህ ፊት ቆሙ። ሆዳን በጆሮዬ ተረጎመችልኝ።

«ልጄ በድሎሃል። እኔም ዝም ብያለሁ። ውሃዬን አደራ ብሰጥህ ትቀበለኛለህ?»

አዴር ፋራህ መጀመሪያ የልጃቸውን ራስ አዩ።

«ውሃውማ ምን በደለኝ። ይምጣ። የልጄን ደም ግን ሽማግሌ ያየዋል።»

ይየው አሉ ሆዮ ኢብላ።

ጥር 29፣ 4 ሰዓት

ከንጋት ጀምሮ ሰልፍ ነው። ከዚህ ቢርካ እስከዚያኛው፣ ሰው ከሰው እጅ ለእጅ። ትናንት በሁለት ዳር የተቀመጡት ተደባልቀው ቆመዋል፤ ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ትከሻዬ ስላመመኝ ነው ቁጭ ያልኩት። መ/ቤት ደወልኩ፣ ቀረሁ አልኩ። ለታደሰም ደወልኩ። በሕይወት አለሽ ወይ ነው ያለኝ፣ ቀጥሎ ምን ሆነ ብሎ ሲጠይቅ ረጅም አወራን።

ደብተሬ፣ አንድ ነገር ወሰንኩ። ቦርዷን ነቅዬ ይዣት ነበር፣ ወደ ቤት ልመልሳት። እጠላታለሁ ብዬ አስቤ ነበር። አዴር ፋራህ ግን የእኔው ቢርካ ውስጥ ስቀያት አሉ። በአንድ ሁኔታ፦ መልእክቱ ለእሳቸውም ይምጣ፣ ለሆዮ ኢብላም ይምጣ፣ በአንድ ጊዜ። ትክክል ናቸው። ቁጥር ለአንድ ወገን ብቻ ሲላክ ያደረገውን አይቻለሁ። መልእክቱም አንድ ቁጥር ብቻ አይሆንም፤ የየሰዓቱን ሁሉ ጠቅልላ ትልካለች። ባትሪው ከፈለገ ይለቅ። መጥቼ እቀይረዋለሁ።

አሁን ፕሮግራሙን እያስተካከልኩ ነው። የአዴር ፋራህን ስልክ ቁጥር ማስገባት አለብኝ። እሳቸው አማርኛ ቢናገሩም ቁጥሩን በሱማልኛ ነው የሚያውቁት፣ ሆዳን ሰልፍ ውስጥ ናት። ሌላ የሚተረጉም በአቅራቢያ የለም። ሙክታር ባልዲውን አስቀምጦ መጣ። ሰላም አልተባባሉም። አይተያዩም። ሽማግሌው አንድ ቁጥር ይላሉ፣ ሙክታር መሬት መሬት እያየ በአማርኛ ይደግምልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ዜሮ። ዘጠኝ። አንድ። ሽማግሌው ቀጥለው እስከ መጨረሻዋ ቁጥር ይላሉ፣ ሙክታርም አንዷንም ሳይዘል ይደግምልኛል።