የሦስተኛው ረድፍ ዝናብ

ውድ እታለም፣

ይህን ደብዳቤ ለማንም ጮክ ብለሽ አታንብቢ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፋርማሲስቷና ጡረተኛው የጂኦግራፊ አስተማሪ እንደ ልማዳቸው በረንዳሽ ላይ ወንበር ስበው ቢጠብቁሽ፣ «በዚህ ሳምንት ደብዳቤ አልመጣም» በያቸው። እኔ ያን ሁሉ ዋሽቼ አንቺ አንድ ቀን ብትዋሺ ምንም አይደል። በርሽን ዝጊ፣ መነጽርሽን አድርጊ፣ ቁጭ በይ።

«ምነው አትደውልም ነበር?» እንደምትይ አውቃለሁ። ስደውልማ ገና «እታለም» ከማለቴ «በላህ? ብርዱ እንዴት ነው? ሹራቡን ትለብሳለህ?» ትይኛለሽ፤ እኔም «በልቻለሁ፣ ለብሻለሁ» ስል የደወልኩበት ነገር ይጠፋብኛል። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርተን ዘጋን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወሩ መጨረሻ የቤቱን ቁልፍ ለተከራዮቹ አስረክበሽ ጠቅልለሽ ወደ እኔ ልትመጪ ነው። ጡረታ በወጣሽ ማግስት «ከእንግዲህ የቀረችኝን ዕድሜ ሰው የሚኖርበት ከተማ ውስጥ ልኑራት» ብለሽ የጻፍሽልኝን ወረቀት ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ይህን ያስባለሽ እኔ በአራት ዓመት ውስጥ የጻፍኩልሽ ደብዳቤ ነው። እታለም፣ የጻፍኩልሽ አብዛኛው ውሸት ነው።

ይኸው፣ ወጣልኝ። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ትልቁ አዳራሽ ውስጥ መሥራቴ እውነት ነው። «የእንግዳ አቀባበል ክፍል» ያልኩሽ ግን ካፖርት ማስቀመጫው ነው። ከመግቢያው በስተግራ አንዲት መስኮት አለች። ሰው ካፖርቱን ይሰጠኛል፣ መስቀያ ላይ እሰቅልለታለሁ፣ ቁጥር የተቀረጸባት ክብ ነሐስ እሰጠዋለሁ። ትርዒቱ ሲያልቅ እሱ ነሐሱን ይመልሳል፣ እኔ ካፖርቱን። ሥራዬ ይኸው ነው። አዳራሹ ያለው ከሁለት ወፍራም በር ማዶ ነው፤ ወደ እኔ የሚደርሰው የከበሮው ምት ብቻ ነው፣ እሱንም የማውቀው መስቀያዎቹ ሲንቀጫቀጩ ነው።

«ታዲያ ያን ሁሉ ትርዒት ማን አየልህ?» በይኛ። ባለካፖርቶቹ ናቸው ያዩልኝ። ሰው ካፖርቱን ሲቀበል ያየውን ያወራል። አንዷ «መጨረሻው ላይ እንባዬ መጣ» ትላለች፤ ባሏ «እኔ ደግሞ እግሬ ደነዘዘ» ይላል። እኔ የእሷን እጽፍልሽና የእሱን እተወዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ያነበብሽው የሚስቶችን ነው፤ የባሎቹ እኔ ጋ ተጠራቅሞ ቀርቷል።

ዘፋኟ በቁልምጫ ትጠራኛለች ያልኩሽም የለም። አርቲስቶቹ የሚገቡት በጓሮ በር ነው፤ እኔ እሷን የማውቃት ከፖስተር ላይ ነው። ከመስኮቴ ሆኜ የከተማውን መብራት አያለሁ ማለቴስ? ከፊት ለፊቴ ባለው ሕንፃ ላይ አንድ ትልቅ የመብራት ማስታወቂያ አለ፣ እሱ እውነት ነው፤ ለእኔ የሚታየኝ ግን ጀርባው ነው፣ ሽቦና የርግብ ኩስ። ክፍሌ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ስትከፈት ጠረጴዛውን የምትገጭ ቁም ሣጥን ናት። አንቺ ስትመጪ የት እንደምትተኚ ለማየት ወለሉን በእርምጃ ለካሁት፤ ሁለተኛ አልጋ አያስገባም።

ወደ ዝናቡ ልምጣ። ይህን ስጽፍ ፊቴ እየጋለ ነው።

ያለፈው ክረምት ላይ ነው። ትርዒቱ አልቆ ሰው ሲወጣ የጥቂቶቹ ሸሚዝ ትከሻው ላይ ረጥቧል። አንዷን ወጣት «ምን አገኛችሁ?» ብላት፣ እየሳቀች «ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዘነበብን!» አለችኝ። እኔ ሞኙ ይህ መቼም የትልቅ ከተማ ጥበብ ነው ብዬ አመንኩ። በማግስቱ «መድረኩ ላይ የእውነት ዝናብ ያዘንባሉ፣ ሦስተኛው ረድፍ ድረስ ይደርሳል» ብዬ ጻፍኩልሽ። አንቺ ለበረንዳው ጉባኤ አነበብሽላቸው። አስተማሪው ደግሞ ጉዳዩን በሳይንስ ካላጣራሁ ብለው «ዳመናው ጣሪያ ሥር እንዴት ይፈጠራል?» የሚል ጥያቄ በአንቺ በኩል ላኩብኝ። መልስ ማጣት ማን ይወዳል? ቧንቧ ፈጠርኩ፣ መዘውር ፈጠርኩ፣ ቧንቧውን የሚከፍት ሰውዬ ፈጠርኩ። አንቺም በመጨረሻው ደብዳቤሽ «ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምንቀመጥ ዕለት የምይዘው ጃንጥላ ገዛሁ፣ ቢጫ ነው» አልሽኝ። የዚያን ዕለት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ከእኔ ጋር የምትሠራ አንዲት ትልቅ ሴት አለች፤ ሁላችንም አንጋፋዋ ነው የምንላት። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያች መስኮት ላይ ቆማለች። መምጣትሽን ስነግራት «እሰይ፤ ምን ልታሳያት አሰብክ?» አለችኝ። የሰቀልኩትን ካፖርት አውርጄ እንደገና ሰቀልኩት።

«አንተ ለመሆኑ ገብተህ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«አራት ዓመት ሙሉ?»

«አንቺስ?»

«እኔን ተወኝ። እኔ እኅት አልጠራሁም።»

ስለዚህ ባለፈው ማክሰኞ፣ በእረፍት ቀኔ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ትኬት ይዤ መጣሁ። ሦስተኛው ረድፍ። ካፖርቴን ለአንጋፋዋ ስሰጣት «እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ» ብላ ጎንበስ አለችልኝ፤ እኔን ለማሽሟጠጥ ማን ብሏት።

አዳራሹ በእኔ ደብዳቤ ውስጥ ይበልጣል። ወንበሩ ቀይ ከፈይ ነው ብዬሽ ነበር፤ ቀይ ነው፣ ግን ተልጦ ሽቦው ይወጋል። በቀኜ ያለው ሰው መብራቱ ሳይጠፋ አንቀላፋ። በግራዬ ያሉት ሁለት ልጃገረዶች ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው ራሳቸውን ፎቶ ያነሳሉ። ዘፋኟ አርባ ደቂቃ አስጠብቃ ወጣች፤ ከፖስተሩ ሃያ ዓመት ትበልጣለች። ሰዉ ግማሹ ያወራል፣ ግማሹ ስልኩን ያያል። እኔ «ባሎቹ ለካ እውነታቸውን ነው» እያልኩ ነበር።

ያኔ አንገቴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ጠብ አለ።

ቀና አልኩ። ጣሪያው ላይ ሰፊ ቡናማ እርጥበት አለ። ሁለተኛዋ ጠብታ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ መላጣ ላይ አረፈች። ሰውዬው ምንም አልደነቃቸውም፤ መሐረብ ከኪሳቸው አውጥተው አናታቸው ላይ ዘረጉና ወደ እኔ ዞር ብለው «ጣሪያው ነው ልጄ፤ ካፈሰሰ ዓመት አለፈው» አሉኝ። እታለም፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መዘውሬና ቧንቧዬ፣ የአስተማሪው ዳመና፣ ያንቺ ቢጫ ጃንጥላ፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ ድቅን አለብኝ።

እዚህ ላይ ብተወው «እንግዲያውስ አልመጣም» ብለሽ ቁልፍሽን ትይዣለሽ፣ እኔም ከነውርደቴ እፎይ እላለሁ። ግን የተከተለውን ብደብቅሽ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል።

አንድ ሠራተኛ ባልዲ ይዞ መጣና መተላለፊያው ላይ አስቀመጠ። ጠብታው ባልዲው ውስጥ ሲያርፍ በጣም ይሰማል። ዘፋኟ መሐል ላይ ዘፈኗን አቋረጠች። ባልዲውን አየችው። «ተዉት፣ እሱም ሲጠብቅ ቆይቷል» አለች። ሰው ሳቀ። ፒያኖ የሚጫወተው ሰውዬ ደግሞ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠና በጠብታዋ ልክ፣ ቀስ እያለ፣ መጫወት ጀመረ። እሷም ማይክራፎኑን ትታ መድረኩ ጫፍ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀመጠችና ዘፈነች፣ ልብስ ስትተኩሺ የምታንጎራጉሪውን ዓይነት ዘፈን፣ ድምፅዋ እንደ ሻከረ። አጠገቤ ያለው ሰው ነቃ። ልጃገረዶቹ ወደ መድረኩ ዞሩ። መሐረብ የለበሱት ሽማግሌ በጣታቸው ጉልበታቸውን መታ መታ ያደርጋሉ።

ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። በዚያች ሦስት ደቂቃ ከተማው የተወራለትን ያህል ነበር፤ እንዲያውም ይበልጥ ነበር። ከዚያ በፊትም በኋላም አልነበረም። እኔ አለቀስኩ፣ አንቺ አጠገቤ ስላልነበርሽ ነው ያለቀስኩት።

ስወጣ ነሐሱን ለአንጋፋዋ ሰጠኋት። ካፖርቴን አምጥታ እንደ ደንቡ ዘርግታ ያዘችልኝ፤ እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ እጄን ከተትኩ። አራት ዓመት ስይዝ እንጂ ሲያዝልኝ አላውቅም ነበር። የካፖርቱን ቁልፎች ስቆልፍ አንዱን ዘለልኩ። «ከታች ጀምር እንጂ፤ ለሰው ሁሉ የምትለው እሱን አይደል?» አለችኝ።

ከማን እንደ ተማርኩት አልነገርኳትም። እናታችን የሞተች ክረምት ሰባት ዓመቴ ነበር። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ካፖርቴን ዘርግተሽ ትይዥልኛለሽ፣ እኔ ዞሬ እጄን እከታለሁ፣ ከዚያ ተንበርክከሽ «ከታች ከጀመርክ አትስትም፣ ጩጬ» ትይኛለሽ። አንቺ ያኔ ሃያ ዓመትሽ ነው። የከተማው የቴአትር ትምህርት ቤት የተቀበለሽ በዚያው ዓመት እንደ ነበረ ያወቅሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ፣ ከጠረጴዛ ልብሶቹ ሥር አገኘሁት። አንብቤ መልሼ አስቀመጥኩት። አንድም ቀን አንስተሽብኝ አታውቂም፣ እኔም አንስቼብሽ አላውቅም።

ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ። ስለዚህ ወደዚህ ስመጣ የቀረብሽን በደብዳቤ ልመልስልሽ አሰብኩ። የመጀመሪያዋ ውሸት ደስ አሰኘችሽ፤ ሁለተኛዋን ለበረንዳው ጉባኤ አነበብሽላቸው፤ ከዚያ ወዲያ ማቆም አቃተኝ። ይህን የምልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ዕድሜ ልክሽን የተመኘሽው ከተማ እኔ ከጻፍኩት ጋር እንዳይምታታብሽ ነው። ቁርጡን ልንገርሽ፦ የማይተኛ ነው ያልኩሽ መንገድ አራት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ክፍት የሚያድረው ፋርማሲ ነው። ሰዉ የሚጨዋወትበት ነው ያልኩሽ ቡና ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ጆሮ ለጆሮ ገጥሞ ነው የሚጯጯኸው፣ ሙዚቃው አያስወራም። ያም ሆኖ አልፎ አልፎ፣ መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ጣሪያው ያፈስና ሰው ሁሉ ባንዴ ዝም ብሎ ያዳምጣል። እኔ ይህን አንድ ጊዜ አይቻለሁ። አንቺ ስትመጪ ይደገማል ብዬ ቃል አልገባልሽም።

አሁን ልመናዬ። ቁልፉን ለማንም አታስረክቢ። ለተከራዮቹ «ወንድሜ ዋሽቶኝ ነው» በያቸው፣ እውነት ነውና አያሳፍርሽም። ከዚያ፣ ከተቀየምሽኝ እዚያው ሁነሽ ተቀየሚኝ፤ እኔ በእረፍቴ መጥቼ እግርሽ ሥር እወድቃለሁ። ካልተቀየምሽኝ ግን ለሁለት ሳምንት ነይ። አልጋው ያንቺ ነው፣ እኔ መሬት እተኛለሁ፤ ቁም ሣጥኗ ስትከፈት እግሬን ብትገጨኝ የእጄን ነው። እንድትኖሪ አይደለም የምጠራሽ፣ በዓይንሽ አይተሽ እንድትፈርጂ ነው። ጃንጥላውን አትርሺ፣ ጣሪያውን አሁንም አልሠሩትም።

ከዚህ ወረቀት ጋር አንዲት ነሐስ አጣብቄያለሁ፤ አርባ አንድ ቁጥር ናት። አንጋፋዋ ስትሰጠኝ «ጠፋች ብዬ እጽፋለሁ» ብላ ጠቀሰችኝ። መስቀያው ጥግ ላይ ነው፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይሰቅልበትም።

የመጣሽ ዕለት በፊት ለፊቱ በር ግቢ። ወደ መስኮቷ ነይና ካፖርትሽን ስጪኝ። ስትወጪ ያየሽውን ሁሉ ንገሪኝ፣ እግርሽ ደንዝዞም ከሆነ ሳትደብቂ። ከዚያ ጀርባሽን አዙሪልኝ፤ የዚያን ዕለት ካፖርቱን ዘርግቶ የሚይዘው እኔ ነኝ።

ከታች የሚጀምረው
ጩጬሽ