ለጋሼ ቃሲም ስለ ኩሬው ዓሣ

ሸዋ ሮቢት፣ ጳጉሜን ፫ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ቃሲም፣

ካራቆሬ ላይ ደኅና መሆንዎን ነጋዴው አብዱልሀኪም ነግሮኛል። እኔም ደኅና ነኝ። የምጽፈው ስለ ኩሬው ነው።

አምና ነሐሴ የኩሬው ዓሣ ሁሉ ሞቶ ሲንሳፈፍ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ «ጋሼ ቃሲም ብርብራ ሲወቅጡ አይቻለሁ» ብዬ መሰከርኩ። ማየቱን አይቻለሁ። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ላይ መበተን፣ ዓሣው ሲሰክር መልቀም፣ እኔንም ያስተማሩኝ አንቱ ነዎት። ኩሬው ላይ ግን ከብት ስለሚጠጣበት ክልክል ነው። አንቱም «ወላሂ የወቀጥኩት ለወንዙ ነው፣ ኩሬው ጋ አልደረስኩም» አሉ። ማን ሰምቶዎት! ሙቀጫዎን ቀሙዎት፤ አንቱም ባለቤትዎን እትዬ ሐቢባን ይዘው አገር ለቀቁ።

ዘንድሮ አንቱ በሌሉበት ዓሣው ደግሞ አለቀ።

እንደሚያውቁት ጣሊያኖቹ ጥጥ እርሻ ላይ ቦይ ቆፋሪ ነኝ። ከእርሻው ራስጌ የከብቶቻቸው በረት አለ፤ ፍጉን ማሳው ላይ ይበትኑታል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ያን ሁሉ ጠርጎ በቦዩ ኩሬው ውስጥ ይከተዋል። መጀመሪያ ውሃው ጎመን የተቀቀለበት መሰለ። ከዚያ ሸተተ። ጠዋት ጠዋት ዓሣው አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ያለከልካል።

ከወንዙ ዓሣ አጥምጄ በሁለት ገንቦ ከፈልኩት፤ አንዱን የወንዝ ውሃ፣ አንዱን የኩሬ ውሃ ሞላሁት። የኩሬው ገንቦ ዓሣ እኩለ ቀን ሳይሆን ሞተ። የወንዙ እስከ ማታ ሲዋኝ ነበር።

ቅዳሜ ይህንኑ ለሽማግሌዎቹ ተናገርኩ። አምና የፈረዱብዎ ጋሽ ጌታቸው ትክ ብለው አዩኝና፣

«አንተ ልጅ፣ አምና ውሃው አረንጓዴ አልነበረም?» አሉኝ።

«ነበረ።»

«ብርብራ ውሃ አረንጓዴ ያደርጋል?»

«አያደርግም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ቦዩን የቆፈርኩት እኔ ነኛ!» አልኳቸው።

አፈርኩ፤ አሁንም ስጽፈው አፍራለሁ። ያን ጊዜ ቦዩን ተከትዬ ሽቅብ ብሄድ ምን እንደማገኝ አውቅ ነበር። እንጀራዬን ፈራሁና በአንቱ አሳበብኩ።

ሰኞ ቦዩን በድንጋይና በጭቃ ደፈንኩት። የጣሊያኑ አለቃ አስገርፎ አባረረኝ። ጀርባዬ እየዳነ ነው። ሽማግሌዎቹ «ቃሲም ይመለስ፣ ኩሬው የእሱም ውሃ ነው» ብለዋል፤ ሙቀጫዎንም አስረክበውኛል።

ሙቀጫውን አህያ ላይ አልጭነውም። ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይቆማል፤ እኔ ይህንን እሸከማለሁ። መንገዱ ሁለት ቀን ነው። ደጅዎ ስደርስ «አውርደው» እስኪሉኝ ድረስ ከትከሻዬ አላወርደውም።

ቦይ ቆፋሪው ይልማ