ባቄላዬ ላይ ስለተቆጠሩት አርባ ሦስት ተከሳሾች

ለተከበሩ የክልሉ ግብርና ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በመጪው ሐሙስ በነጻ ሊረጭልኝ ስለታዘዘው መርዝ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ፊርማ ሲያኖር ለሚውለው ቀኝ እጅዎ ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴንም የጎዳው እርሻ አይደለም፤ ባለፉት ሦስት ሳምንታት ወደ ቢሮዎ ሁለተኛ ፎቅ አራት ጊዜ ስለወጣሁና አራት ጊዜ ባዶ እጄን ስለወረድኩ ነው። መውረዱ ከመውጣቱ ይብሳል። ይህን የምለው ለመውቀስ ሳይሆን፣ ደረጃው ለጥንካሬ ተብሎ የተሠራ መሆኑን ስለማምንና ስለማደንቅ ነው።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ አስተማሪ የሆነችው ልጄ "አባዬ፣ ሰው እንዳይስቅብህ እኔ ላርመው" ብላኝ ነበር። እኔ ግን ቢሮዎ የላከልኝን ማስጠንቀቂያ ማንም ሳያርመው አንብቤ ስለተረዳሁ፣ እርስዎም የእኔን ሳይታረም ቢያነቡልኝ ብድር መመለስ ነው ብዬ እምቢ አልኳት።

ደብዳቤው በገበሬዎች ማኅበራችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍ፣ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ልጀምር። ቢሮዎ ከሁለት ዓመት ወዲህ በክልሉ ያለ ገበሬ ሁሉ የተቀናጀ የተባይ መከላከል በሚባለው ዘዴ እንዲሠራ ወስኗል። ዘዴው እንደተነገረን፣ ነፍሳት በታየ ቁጥር ወደ መርጫ አይሮጥም፤ መጀመሪያ ይቆጠራል፤ ጠላቱ ከወዳጁ ይለያል፤ ወዳጅ ካለ ሥራውን እንዲሠራ ይተዋል፤ መርዝ የሚመጣው ሌላው ሁሉ ሲያቅት ነው። በዚህ ውሳኔ እንደ እኔ የተደሰተ ሰው በክልሉ ያለ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ይህንኑ ነገር ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝና ያለ ማህተም ስትነግረኝ ኖራለች።

እሷ በባቄላው ዳር ዳር ድንብላል ትዘራና ሳትቆርጠው እንዲያብብ ትተወው ነበር። አበባው ጥንዚዛዋን ይጠራል፣ ጥንዚዛዋ ክሽክሹን ትበላለች ትላለች። ክሽክሽ ማለት፣ ለከተማ አንባቢ፣ ቅጠል ሥር ተጣብቃ ፈሳሹን የምትመጥ፣ ብቻዋን ምንም የማትመስል፣ ከዘመዶቿ ጋር ስትሆን ግን ማሳ የምታደርቅ ደቃቃ ነፍሳት ናት። እኔ ደግሞ "አንቺ ሴትዮ፣ ለነፍሳት ሆቴል ከፈትሽ" እያልኩ እስቅባት ነበር። መርጫዬን አዝዬ ልወጣ ስል ግን ጫፉ ላይ የምትገጠመው፣ መድኃኒቱ የሚወጣባት ትንሿ ብረት አትገኝም። አዲስ እገዛለሁ፤ አዲሷም ትጠፋለች። ጎረቤቴን ጠረጠርኩና ዘጠኝ ዓመት ሰላምታ ነፈግኩት። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ የልብሷን ሳጥን ስከፍት ስድስቱንም በአሮጌ ሻሽ ተቋጥረው አገኘኋቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ መርጫውን አላነሳሁም። ጎረቤቴንም ሰላም እለዋለሁ፤ ለምን እንደዘጋሁት ግን እስከ ዛሬ ስላልነገርኩት፣ ይህን ሲያነብ ይወቀው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ቆጠራው አመሰግናለሁ። የሰብል ጥበቃ ባለሙያዎ ቅጽ ይዞ መጣ፤ አሥር እግር ባቄላ መርጦ አጎንብሶ ቆጠረ፤ ሲቆጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለነበር አንድም አልዘለለም ብዬ ልመሰክርለት እችላለሁ። ክሽክሽ እምብዛም አላገኘም። ያገኘው ክሽክሹን ሲበሉ የነበሩትን ነው፤ የዚያችን ጀርባዋ ቀይ፣ ነጠብጣቧ ጥቁር የሆነ ክብ ጥንዚዛ ልጆች። ክቡርነትዎ አይተዋቸው ከሆነ፣ ልጆቹ እናታቸውን በምንም አይመስሉም። ረዘም ያሉ፣ ጥቁር፣ ጎናቸው ላይ ብርቱካንማ ምልክት ያለባቸው፣ ሲሄዱ የጥፍር ያህል አዞ የሚመስሉ ናቸው። ባለሙያዎ አርባ ሦስት ቆጠረና "የተባይ ዓይነት" በሚለው ሳጥን ውስጥ "ያልታወቀ፣ አስፈሪ" ብሎ ጻፈ። ደንቡ ከሃያ በላይ ከሆነ ይረጫል ስለሚል፣ "ውሳኔ" በሚለው ውስጥ "ይረጭ" አለ።

የጥንዚዛዋ ልጆች ናቸው ብዬ ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝና "አባቴ፣ ይሄ እንዴት የዚያች ልጅ ይሆናል? በምን ይመሳሰላሉ?" አለኝ። እኔም ልጄን እንደማልመስል፣ ይህም ለእሷ ትልቅ ዕድል እንደሆነ አስረዳሁት። አልሳቀም። ወዳጅ ናቸውና ወዳጅ ብለህ ጻፍ ብዬ ብለምነው፣ ቅጹን አዙሮ አሳየኝ፤ የወዳጅ ሳጥን የለውም። እውነቱን ነው፤ መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ቅጹ የተባይ መቁጠሪያ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ የተቆጠረ ሁሉ ተባይ ነው። በዚህ አቆጣጠር እኔ ያን ዕለት አጠገቡ ቆሜ ሳልቆጠር መቅረቴ የባለሙያው ደግነት ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ማስጠንቀቂያው። የቢሮዎ የርጭት ቡድን በመጪው ሐሙስ መጥቶ ባቄላዬን እንደሚረጭልኝ፣ በማሳው ዳር ያለውንም ድንብላል "የተባይ መጠለያ" በመሆኑ ነቅሎ እንደሚወስድልኝ፣ ይህም ሁሉ ያለ ክፍያ እንደሆነ ተጽፎልኛል። በዕድሜዬ ሳልለምን የተሰጠኝ ነገር ጥቂት ስለሆነ ወረቀቱን አጥፌ በኪሴ ይዤዋለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ትምህርቱ። ልከራከር ቢሮዎ ብመጣ፣ ወዳጅና ጠላት የሆነውን ነፍሳት መለየት የሚችለው ሰርተፊኬት ያለው ብቻ ነው ተባልኩ። እንግዲያው አሠልጥኑኝ ብል፣ ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሰ አይገባም ተባልኩ። ሕግ ነውና አከበርኩ፤ ከአዳራሹ ውጪ መስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሦስት ቀን ሙሉ ሠለጠንኩ። አሠልጣኙ ጥሩ ሰው ነው። በሁለተኛው ቀን "የማሳው የመጀመሪያ ባለሙያ ገበሬው ራሱ ነው" ሲል ደስ ብሎኝ ከውጭ ሆኜ አጨበጨብኩ። መስኮቱን ዘጉት።

በመስታወቱ ግን ማየት አልተከለከለም። ከፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል፤ ሥዕሉ ላይ ያ የእኔ ትንሽ አዞ የፍየል ያህል ሆኖ ተስሏል፤ ከበላዩ "የገበሬ ወዳጅ፤ አትግደሉት" ይላል፤ ከሥሩ የቢሮዎ ማህተም አለበት። ጉልበቴን ረስቼ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁና ለቅጽ ክፍሉ ሠራተኛ ነገርኩት። ወርዶ ለማየት ፈቃደኛ ባይሆንም በትህትና መልሶልኛል፦ "አባባ፣ ሥዕሉ ለሥልጠና ነው፤ ቅጹ ለሥራ ነው። ሁለቱን አይደባልቋቸው።" እንዲህ ያለ መልስ ሰባ ሁለት ዓመት ኖሬ አልሰማሁም።

አራተኛ፤ ስለ ሞዴል ገበሬው። ሞዴል ተብሎ የተመረጠው ያ ዘጠኝ ዓመት የዘጋሁት ጎረቤቴ ነው። መርጫው አርፎ ስለማያውቅ ሰፈሩ ፏፏቴ ይለዋል። ሰርተፊኬቱን በመስታወት አስገብቶ ሰቅሎታል። ቢሮዎ የሰጠውን ነፍሳት የሚያጣብቅ ቢጫ ሰሌዳ ደግሞ ማሳ ላይ ዝናብ እንዳያበላሽበት ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎታል፤ ለቤት ዝንብ ፍቱን ነው ይላል፤ ከመጋረጃውም ጋር ይሄዳል። ማክሰኞና ቅዳሜ ይረጫል። ምኑን ነው ያቀናጀኸው ብዬ ብጠይቀው፣ "ሦስቱን መድኃኒት በአንድ በርሜል ነዋ" አለኝ። ሰውየው አይዋሽም፤ የተነገረውን በገባው መጠን ሠርቷል። ብቻ ዘንድሮ ባቄላው አበባ ሞልቶ ፍሬ አልያዘለትም፤ ንብ ከማሳው ቀርታለች። ባለፈው አጥር ላይ ተደግፎ የእኔን ባቄላ ሲያይ ቆየና "አንተ ሽማግሌ፣ ምን እያደረግህለት ነው?" አለኝ። ምንም አልኩት። "ምንምን ከየት ነው የምትገዛው?" አለኝ።

በቢሮዎ ኮሪደር የተሰቀለውን ካርታ አይቼዋለሁ። ዘዴውን የተቀበለ ማሳ ሁሉ አረንጓዴ ነጥብ ተደርጎለታል። የፏፏቴም አረንጓዴ ነው። በክልሉ ሁሉ አንዲት ቀይ ነጥብ ብቻ አለች፤ ጣቴን ጠቁሜ ብከተላት የእኔ ባቄላ ላይ አረፈች። ዓርብ ከሌላ ክልል እንግዶች ልምድ ሊቀስሙ እንደሚመጡም ሰምቻለሁ። በነጭ ልብስ ላይ ያለች ጠብታ ዓይን ትወጋለችና፣ ቡድኑ ለምን በዋዜማው ሐሙስ እንደሚመጣ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። ከረጫችሁ በኋላ ነጥቤ አረንጓዴ ትሆናለች ተብያለሁ። ስንረጭ ከማይረጩት እንቆጠራለን ማለት ነው፤ ይህ ለእኔ ይከብደኛል፤ ለተማረ ግን ቀላል እንደሚሆን እገምታለሁ።

አምስተኛውን ልጄ እያለቀሰችም እየሳቀችም ስለለመነችኝ ሰርዤዋለሁ።

አሁን ልመናዬን ልናገር። ያ ድንብላል በየዓመቱ ፍሬውን ራሱ እያራገፈ የሚበቅል ነው። የዘራችው ባለቤቴ ናት። ካረፈች አራት ዓመት ሆናት፤ እኔ አንዲት ፍሬ እንኳ አልጨመርኩበትም፤ ግን በየዓመቱ እሷ በተወችው መስመር ላይ፣ በተወችው ውፍረት ይወጣል። ቆማ ሳለች አልሰማኋትም። አሁን በመስማት ላይ ነኝ፤ ዘግይቼ የጀመርኩት ስለሆነ ጥቂት ጊዜ ያስፈልገኛል። ክቡርነትዎ ብዙ ነገር ማዘዝ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ መርዝ የነካት ጥንዚዛ በማግስቱ ሥራ እንድትገባ ማዘዝ አይችሉም። ጥንዚዛዋ ስትሄድ ክሽክሹ ይመጣል፤ ክሽክሹ ሲመጣ መርጫ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ፏፏቴ ሁለት እንሆናለን።

ስለዚህ ለቡድኑ ሥራ እንዲያመች አስቀድሜ ላሳውቅ። ሐሙስ ከማለዳ ጀምሮ በባቄላው መካከል በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ እጠብቃቸዋለሁ። አልሳደብም፣ ዱላ አልይዝም፤ ከጉልበቴ የተነሳ ተነሥቼ መንገድ መልቀቅ ግን አልችልም። ባለሙያው ሌላ ወረቀት እንዳያባክን፣ እዚያው ቅጽ ላይ ይሙላኝ፤ ዓይነት፦ ሽማግሌ፤ ብዛት፦ አንድ። ውሳኔ የሚለውን ሳጥን እርስዎ በዚያ በጤናማ እጅዎ እንዲሞሉት ባዶ ትቼዋለሁ።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ፣ ጊዜዬን ስለወሰዱልኝ ምስጋና እያቀረብኩ፣ ከማይቀንስ አክብሮት፣ ከማይታጠፍ ጉልበትና ፍሬ ከያዘ ባቄላ ጋር፣

የካርታዎ ቀይ ነጥብ
(ፊርማ፤ ያለ አውራ ጣት አሻራ)

ግልባጭ፦
– ለማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ
– ለጎረቤቴ ለፏፏቴ፣ ከዘጠኝ ዓመት ይቅርታ ጋር
– ለልጄ፣ እርሳስ ሳትይዝ እንድታነበው

ልረሳው ነበር፦ ከመስኮትዎ ሥር ያሉት ጽጌረዳዎች በክሽክሽ ተወርረው እርስዎ መቆጣትዎን የሰማው የግቢው ጥበቃ፣ ባለፈው ሳምንት እቤቴ ድረስ መጥቶ ሠላሳ ያህል ትናንሽ አዞዎች በክብሪት ቀፎ ይዞ ሄዷል። ትናንት ይህን ደብዳቤ የት እንደማስገባ ልጠይቅ ስመጣ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ክሽክሹ የለም፤ እምቡጦቹ ተከፍተዋል፤ የአዞዎቹ ብዛት ሃያ ስምንት ነው። ጥበቃውን እንዳይቆጡት፤ እሱም እንደ እኔ ሰርተፊኬት የለውም። ነገር ግን ከሃያ በላይ ከሆነ ይረጫል የሚለው ደንብ ለሁሉ አንድ ነውና፣ ቡድኑ ሐሙስ ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ሥራውን ከዚያው ከቅርቡ እንዲጀምር፣ እርስዎም መስኮትዎን አስቀድመው እንዲዘጉ በታላቅ ትህትና አሳስባለሁ።